ለገና ቦሌ ያገኘሁት ቤት ሙሉውን ቅድሚያ ክፈዪ እያለኝ ነው፣ ልላክ?

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህታችን እናቷን፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ትገባለች። በቴሌግራም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ3 መኝታ ፈርኒሽድ አፓርታማ አግኝታለች፣ ለአንድ አዳር 45 ዶላር፣ 24 አዳር። አከራዩ ሙሉውን 1,080 ዶላር ቨርጂኒያ ባለች እህቱ ስም በዜል (በአሜሪካ ባንኮች የሚሰራ ገንዘብ መላኪያ) ላኪ ብሏታል፣ ዛሬ ማታ ካላከሽ ለሌላ ቤተሰብ ነው የምሰጠው ብሏታል። ፎቶ፣ የፓስፖርቱን ኮፒና የንግድ ፈቃዱን ልኮላታል። እውነት ነው ወይስ ልበላ ነው ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ መልሱን ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ዶላር እንዳትልኪ። ሰውዬው ሌባ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ግን እስካሁን ከላከልሽ ነገር ውስጥ ቤቱ የሱ መሆኑን የሚያሳይ አንድም ነገር የለም።

እኔ ይሄን ለእንግዳ ቤት የማከራየት ስራ የጀመርኩት ለ2014ቱ ገና ዳያስፖራው ወደ ሀገር ቤት ይምጣ የተባለ ጊዜ ነው፣ ያኔ አንድ ቤት ነበረኝ፣ አሁን የራሴንም የሰውም ጨምሬ ሰባት ቤት አስተዳድራለሁ። ለምን ይሄ ነገር እንደሚያመኝ ልንገርሽ። የዛሬ ሁለት አመት በገና ዋዜማ ከጠዋቱ 3 ሰአት ላይ የአንዱ ህንፃ ጥበቃ ደወለልኝ፣ እንግዶችህ መጥተዋል አለኝ፣ እኔ ደግሞ የዛን ቀን የሚገባ እንግዳ አልነበረኝም፣ ቤቱም ሰው አለበት። ሄድኩ። ስድስት ሰው፣ ዘጠኝ ሻንጣ፣ አያትየው የጥበቃው ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው። ልጅየዋ ስልኳን ስታሳየኝ የኔ ሳሎን ነው፣ የኔ ሶፋ፣ እናቴ የሰጠችኝ መሶብ ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ፎቶዎቹን ከራሴ የቴሌግራም ቻናል አውርደው፣ ስልክ ቁጥሬ የተጻፈበትን የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ነው ያከራዩዋቸው። ሰዎቹ የአንድ ወር ሙሉ ከፍለዋል። እኔ ላይ ነው መጀመሪያ የጮሁት፣ እውነታቸውን ነው፣ ሳሎኑ የኔ ነዋ። ለሰዎቹ ማታ ላይ በስንት ልመና ገርጂ አንድ ጓደኛዬ ጋ ቤት ተገኘላቸው፣ ገንዘቡ ግን እስከዛሬ አልተመለሰም። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው ይሄን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ስራዬን ትቼ ነው የምመልሰው።

አሁን ወዳንቺ ቤት እንምጣ። መጀመሪያ ዋጋው። ለገናና ጥምቀት ሰሞን ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ጀነሬተር ያለው፣ ሊፍት የሚሰራ፣ ባለ3 መኝታ ቤት በ45 ዶላር እኔ ፈልጌ አላገኝም፣ እኔ ራሴ በዛ ሰሞን ከ90 በታች አልሰጥም፣ ሰፈሬ ደግሞ ከቦሌ ራቅ ይላል። ርካሽ ቤት የለም እያልኩሽ አይደለም፣ አያት ወይ ሳሚት ወይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ በዚ ዋጋ ጥሩ ቤት ልታገኚ ትችያለሽ። ግን የሚፈለግ ሰፈር፣ የሚፈለግ ሰሞን፣ ግማሽ ዋጋ፣ ሶስቱ አንድ ላይ ከመጡ ሰውዬው ለምንድነው ትርፉን የሚተወው ብለሽ ጠይቂ። የሚሰጥሽ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስሜት የሚነካ ነው፣ ለሀገር ልጅ ብዬ ነው፣ እናትሽን ስላልሽ ነው ምናምን ይልሻል።

የዜሉን ነገር ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው በሌላ ሰው ስም ዜል ላኪ ካለሽ ሌባ ነው ብሎ ይነግርሻል። እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ ትክክለኛ አከራይም እንደዛ ያደርጋል፣ አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት ስም ተቀብሎ በኋላ እዛው ለልጅ ትምህርት ምናምን ይጠቀምበታል፣ የተለመደ ነው። ስለዚ የስሙ መለያየት ብቻውን ምንም አያሳይም፣ ሌቦቹም የሚጠቀሙት ይሄንኑ ነው፣ አንቺ ልማዱን ስለምታውቂው አትደነግጪም። ዋናው ችግር ዜል ራሱ ነው። ዜል ለምታውቂው ሰው ገንዘብ መላኪያ ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፣ እቃ ወይም አገልግሎት ገዝተሽ ሳታገኚ ብትቀሪ የሚከላከልልሽ ነገር የለውም፣ ባንክሽ ጋ ስትደውዪ ራስሽ ነሽ የላክሽው ይሉሻል፣ ባብዛኛው እዛ ላይ ያልቃል። በዌስተርን ዩኒየን ጥሬ ብር አስገብተሽ ሲወስዱትም ያው ነው፣ ዌስተርን ዩኒየን በ2017 እ.ኤ.አ. አጭበርባሪዎች ሲጠቀሙበት በቂ ቁጥጥር አላደረገም ተብሎ ለአሜሪካ መንግስት 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ለዚ ነው። ክሬዲት ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የከፈልሽበትን አገልግሎት ካላገኘሽ ከካርድ ኩባንያው ጋ መከራከር ትችያለሽ፣ የአሜሪካ ህግ ስቴትመንቱ ከተላከልሽ በኋላ 60 ቀን ይሰጥሻል። ዴቢት ካርድ ግን እንደሱ አይምሰልሽ።

ፓስፖርትና ንግድ ፈቃድ ልኮልኛል ያልሽው ላይ አዝናለሁ ግን ያ የሚያስተማምን አይደለም። የፓስፖርት ፎቶው ከአንቺ በፊት የተበላ ሰው ፓስፖርት ሊሆን ይችላል። ለምዝገባ ብለው ያንቺንም ይጠይቁሻል፣ ከዛ ለቀጣዩ ሰው ይልኩታል። መታወቂያ የሚታየው ቤቱ በር ላይ ቁልፍ ስትረከቢ ነው፣ ከዛ በፊት የማንንም ፓስፖርት ኮፒ እንዳትልኪ፣ የልጆችሽንማ በፍጹም። ንግድ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የግብር ከፋይ ቁጥር አለ፣ ቲን የሚባለው፣ በንግድ ሚኒስቴር የኦንላይን ሲስተም ላይ አስገብተሽ በማን ስም እንደሆነና ዘርፉ ምን እንደሆነ እዪው፣ ብዙ ጊዜ የህንፃ መሳሪያ መሸጫ ወይም የቡና ቤት ፈቃድ ሆኖ ይገኛል።

ፎቶዎቹን አሁኑኑ በጎግል ሌንስ (ያው ፎቶ ሌላ ቦታ መኖሩን የሚፈልግ) ፈትሺያቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ቲንአይ የሚባለውም አለ። ያው ፎቶ ናይሮቢ ወይም ኢስታንቡል ባለ ቤት ስም ከወጣ በቃ አለቀ። ካልወጣ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፣ የኔ ሳሎን ፎቶም በጎግል አይወጣም ነበር፣ ከቴሌግራም ቻናል የተወሰደ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሌላው፣ ከሀገር ከወጣሽ ቆየት ካልሽ ሰፈሩን በድሮው አይን አትመልከቺው፣ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማቱ ብዙው ፈርሷል፣ ካዛንቺስ እንዲህ የሚባለው ህንፃ ጀርባ ያለው ቤት ነው ሲሉሽ ህንፃውም ጀርባውም ላይኖር ይችላል።

ከዛ ቪዲዮ ኮል። ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አይደለም፣ ኮል ነው፣ በቀን ብርሃን። በፈረንጅ ዊንተር የናንተና የአዲስ አበባ ልዩነት 8 ሰአት ስለሆነ በናንተ ከጠዋቱ 2 ሰአት (8 AM) ላይ ብትደውዪ እዛ ከቀኑ 10 ሰአት ነው፣ ጥሩ ብርሃን አለ። ከአስፋልቱ እንዲጀምር ጠይቂው፣ የህንፃውን ስም እያሳየ፣ በግቢው በር ገብቶ፣ ሊፍት ውስጥ ገብቶ፣ በሩን በቁልፍ ከፍቶ፣ ሳይቋረጥ። ከዛ መጋረጃውን ገልጦ ከመስኮቱ ምን እንደሚታይ ያሳይሽ። የመብራት ቆጣሪውንም ያሳይሽ። ኔትወርክ የለም፣ አሁን ሌላ እንግዳ አለ፣ ቁልፉ ከሰራተኛዋ ጋ ነው ካለ እሺ ነገ በለው፣ ነገም ሌላ ምክንያት ካመጣ ተይው።

እኔ ግን ከቪዲዮም በላይ የምወደው ጥያቄ የውሃ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሰፈር ለሰፈር ይለያያል፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ይሰራ አይሰራ በእንቅልፍ ልቡም ይነግርሻል፣ ምክንያቱም የእንግዳ ስልክ የሚያስነሳው ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ውሃ ቆመ ተብሎ ነው። ሌባው ውሃ 24 ሰአት አለ ሲስተር አታስቢ ይልሻል። እኔ ዘመዶቼ ቤት ሲከራዩ ይሄን ሳልጠይቅ አላሳልፍም፣ ጀነሬተሩ ሊፍቱን ያነሳል ወይ ብለሽ ጨምሪበት፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ካመማቸው ለራስሽም የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

አሁን የሚከብደው ክፍል። ቪዲዮ ኮሉን አሳምሮ የሚያልፍ አጭበርባሪም አለ፣ እሱም ቤቱን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ደላላው ቁልፍ አለው፣ ወይም ተከራዩ ባለቤቱ ሳያውቅ መልሶ ያከራያል፣ ወይም አንዱን ቤት ለአንድ ሰሞን ለሶስት ቤተሰብ ቀብድ ይቀበልበታል፣ ቀድሞ የደረሰ ይገባል፣ የቀረው ሻንጣውን ይዞ ይቀራል። ይሄኛው በውሸት ፎቶ ከሚሰራው ይልቅ እኔ ጋ ብዙ ሰው እያለቀሰ የሚመጣበት ነው፣ ምክንያቱም ቤቱ አለ፣ ሰውዬው አለ፣ ስልኩ ያነሳል፣ ሁሉ ነገር እውነት ይመስላል። ለዚ ደግሞ ከአሜሪካ ሆነሽ በስልክ ልታደርጊ የምትችይው ብዙ ነገር የለም፣ ሰው መሄድ አለበት። አዲስ አበባ የአጎት ልጅ፣ የጓደኛ እህት፣ የድሮ ጎረቤት የሌለው ዳያስፖራ እኔ አላየሁም፣ ሰውን ማስቸገር ብላችሁ ታፍራላችሁ፣ ግን ለአንድ ግማሽ ቀን የታክሲ ከፍለሽ አንድ ሰው ብትልኪ ከ1,080 ዶላሩ ጋ አይወዳደርም።

የሚሄደው ሰው ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። አከራዩን ከማግኘቱ በፊት ብቻውን ሄዶ ጥበቃውን ሰላም ይበል፣ የስንተኛ ፎቅ የስንት ቁጥር ቤት ባለቤት ማነው፣ እንግዳ ያከራያል ወይ፣ ባለፈው ጊዜ እንግዳና አከራይ ተጣልቶ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ጥበቃዎች ሁሉን ያውቃሉ፣ ማን ስንት ሻንጣ ይዞ እንደገባ፣ ማን እያለቀሰ እንደወጣ፣ የኔንም ታሪክ በመጀመሪያ የሰማው ጥበቃው ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የህንፃው ኮሚቴ አለ፣ እነሱንም ይጠይቅ። ከዛ አከራዩ ሲመጣ መታወቂያውን፣ የቤቱን ካርታ ወይም ከባለቤቱ ጋ ያለውን ውል ይመልከት፣ ደላላ ከሆነ ባለቤቱን በስልክ ያገናኘው። ትክክለኛ አከራይ በዚ አይቆጣም፣ እኔ ጋ እንደዚ አድርጎ የሚመጣ ዘመድ ሲገባ ቡና አፍልቼ ነው የማስገባው፣ ምክንያቱም እንደዚ የሚጠነቀቅ ሰው ቤቴንም ይጠነቀቅልኛል።

ክፍያው ላይ ደግሞ ሙሉውን ቅድሚያ የሚባል ነገር አትቀበዪ። የተለመደው ቀብድ ነው፣ እኔ የሁለት አዳር ነው የምወስደው፣ የቀረው ቁልፍ ሲረከቡ ይከፈላል፣ እንዳንቺ 24 አዳር የሚቆይ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ። ቀብዱን ያው የላክሽው ዘመድ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈል፣ የሂሳብ ቁጥሩን ሲያስገባ ከማጽደቁ በፊት የባለሂሳቡ ስም ይመጣለታል፣ ያ ስም ካየው መታወቂያ ጋ ካልገጠመ እዛው ያቁም፣ ምክንያት በሚለው ላይም የቤት ኪራይ ቀብድ ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ወረቀት ላይም ይጻፍ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በኢትዮጵያም በፈረንጅም ቀን፣ (እኔ ጋ ታህሳስ 20ን ዲሴምበር 20 ብሎ የተረዳ እንግዳ መጥቶብኛል፣ ማንም አላጭበረበረም ግን ሁለታችንም ተጎዳን)። ይሄን ወረቀት አትናቂው፣ በፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀባይ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይሄን ህግ የሚያውቅ ዘመድ ወረቀቱን ሲያስፈርም ለሁለት ሰው ቀብድ የሚቀበል ደላላ ፊቱ ሲቀየር አይቻለሁ።

የሚላክ ሰው በፍጹም ከሌለሽ ኤርቢኤንቢ ወይም ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ተከራዪ፣ ትንሽ ይወደዳል ግን ኤርቢኤንቢ ለአከራዩ ገንዘቡን የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው ከገባ ከ24 ሰአት በኋላ ነው፣ ቤቱ የተባለው ካልሆነ ደግሞ ባወቅሽ በ72 ሰአት ውስጥ ማመልከት አለብሽ። ይሄ የሚሰራው ግን እዛው ውስጥ ከከፈልሽ ብቻ ነው፣ ኮሚሽን እንዳይበላን በዋትሳፕ እንጨርስ ካሉሽ ሁሉም መብትሽ እዛው ቀረ ማለት ነው። ሊንክ ከላኩልሽም አትንኪው፣ አፑን ራስሽ ከፍተሽ ቤቱን እዛ ፈልጊ፣ ምክንያቱም የኤርቢኤንቢን መልክ ቁርጥ አድርጎ የሚመስል ገጽ ሰርተው ካርድ ቁጥር ይቀበላሉ። ቡኪንግ ላይ ደግሞ ብዙ ሀገር የታየ ሌላ አይነት አለ፣ ሆቴሉ እውነተኛ ነው፣ ቡኪንግሽም እውነተኛ ነው፣ ግን የሆቴሉን አካውንት ሰብረው ገብተው እዛው ቻቱ ውስጥ ካርድሽን በዚ ሊንክ ካላረጋገጥሽ በ12 ሰአት ውስጥ ይሰረዛል ብለው ይጽፉልሻል። እንደዛ ከመጣ ሆቴሉ ጋ በስልክ ደውዪ።

ለጥምቀት ጎንደር ወይም ለገና ላሊበላ ወጣ ለማለት ካሰባችሁም በዛ ሰሞን አንድ ክፍል ሁለቴ መሸጥ ስላለ ክፍሉ የተያዘበትን ወረቀት ብቻ አትመኚ፣ ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ሪሴፕሽኑ ጋ ደውለሽ በስምሽ መኖሩን ጠይቂ።

ይሄን የምታነቡ ሌሎች ምናልባት የላካችሁ ካላችሁ፣ በራሳችሁ አትናደዱ፣ ጊዜ ነው የሚያጠፋባችሁ። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ፣ ሁሉንም፣ ዩዘርኔሙን፣ ስልኩን፣ ፎቶዎቹን፣ የከፈላችሁበትን፣ ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ እሱ ሙሉውን ቻት ከናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፣ ብዙ ሰው ፖሊስ ጋ ሲደርስ ባዶ ቻት ነው የሚያሳየው። ከዛ ባንካችሁ ጋ በዛው ሰአት ደውሉ፣ ገንዘቡ ካልወጣ የማስቆም እድል አለ። አሜሪካ ከሆናችሁ ኤፍቢአይ አይሲ3 በሚባለው የኢንተርኔት ወንጀል ድረ ገጽ አቤቱታ ይቀበላል፣ የዜል ተቀባዩ አሜሪካ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ይሄ ዋጋ አለው፣ ስም ያለው የባንክ ሂሳብ ነው። ሀገር ቤት ላይ ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አለ፣ ዘመዳችሁ ፖሊስ ጋ ሄዶ ቃል ይስጥ፣ የተቀበለበት ሂሳብ ወይም ሲም የተመዘገበ ስም አለው። ከሳምንት በኋላ ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን ቅድሚያ ትንሽ ክፈዪ የሚል ሰው ከመጣ እሱም ያው ነው፣ የተበላ ሰው ዝርዝር ይሸጣሉ።

አንቺ ግን ገና አላክሽም፣ እሱ ነው ደስ ያለኝ። ዛሬ ማታ ይሄን ጽፈሽ ላኪለት፣ ቃሉን እንዳለ ብትወስጂው ችግር የለውም፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ። ነገ ከቀኑ 10 ሰአት ላይ ከአስፋልቱ ጀምረህ በቪዲዮ ኮል አሳየኝ። ቅዳሜ ደግሞ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ቤቱን አይቶ መታወቂያህንና የቤቱን ወረቀት አይቶ የሁለት አዳር ቀብድ በንግድ ባንክ በስምህ ያስገባልሃል፣ የቀረውን ስንገባ በየሳምንቱ እከፍላለሁ። ውሃ በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው?» በዚ ተስማምቶ ቀን ከቆረጠልሽ ሂጂበት፣ ዋጋው የረከሰበትንም ምክንያት ያኔ የአክስትሽ ልጅ በአይኑ ያየዋል፣ ምናልባት ሊፍቱ የማይሰራ አምስተኛ ፎቅ ይሆናል። ከተቆጣ ወይም ዛሬ ማታ ካልሆነ ብሎ ከደገመው ቤቱን ተይው። የመለሰልሽን ነገር ላኪልኝ፣ በተለይ ስለውሃው ያለውን፣ ሰፈሩን ስለማውቀው ትክክል ይሁን አይሁን እነግርሻለሁ።